ዘግይቶ የመጣው አጎት

«ትወስደዋለች አልኩህ እኮ። ሕብስት ጥፋቱን ትወስደዋለች፤ እሷ ልጅ እምቢ ማለት አታውቅም።»

ይህን በስልክ የምትናገረው ትርፍነሽ ናት። የተባለላት ሕብስት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እየፈታች ነበር። በሩ ለእሷ ተብሎ ገርበብ ብሎ ስለተተወላት አልደወለችም። ጄኔቭ ዳር ቶኔ ያለው የአክስቷ የትርፍነሽ ቤት ኮሪደር አንድ ሰው ሲገባ ሌላው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት ዓይነት ነው፤ በአንድ በኩል የጫማ መደርደሪያ፣ በሌላ በኩል የልጇ የናኒ ብስክሌት፣ ከብስክሌቱ በላይ ደግሞ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ። ሌላ ጊዜ ሰው ሲገባ ብስክሌቱን ሳይነካው አያልፍም፤ ሲነካ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ዛሬ ግን ትርፍነሽ ከምድጃው በላይ ያለውን ጭስ መሳቢያ ከፍታ እንቁላል እየጠበሰች፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ከባሏ ከደጀኔ ጋር እየተነጋገረች ነበርና ምንም አልሰማችም። ደጀኔ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው፤ በክረምት ቅዳሜ የበረዶ ሸርተቴ ቱሪስቱ እንደ ጉድ ስለሚጎርፍ እረፍት የለውም። «እና ልጅቷስ?» ብሎ ሲጠይቅ ከኋላው የማሽን ጩኸት ይሰማ ነበር። «ልጅቷማ በሚቀጥለው ዓመት ትደግመዋለች» አለች ትርፍነሽ።

ሕብስት አንድ ጫማዋን አውልቃ አንዱን እንዳጠለቀች ቀረች። ተመልሳ ደረጃውን ብትወርድ ማንም አያያትም ነበር። ግን ከሽሊረን ተነስታ፣ ዙሪክ ላይ ባቡር ቀይራ፣ ግማሽ ቀኗን መንገድ ላይ አሳልፋ ነው የመጣችው። ከገማይንደው፣ ማለት ከሰፈሯ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ በቅናሽ የገዛችው የቀን ትኬት ለዛሬ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በእጇ ያንጠለጠለችው ጾፕፍ የሚሉት የተጎነጎነ ዳቦም ገና ለስላሳ ነው፤ ዳቦ ይዛ ከደጅ መመለሱ አሳፈራት። ሁለተኛውን ጫማዋን አወለቀች፤ ብስክሌቱን ሆን ብላ በክርኗ ነካ አደረገችውና «ቤቶች!» አለች።

ጥፋት የተባለው ነገር እንዲህ ነው። ሕብስትና የአክስቷ ልጅ ናኒ አንድ የርቀት ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚያስተምረውን፣ «ሒሳብና ችግር አፈታት ለኮምፒውተር ተማሪዎች» የሚባለውን ኮርስ ይወስዳሉ፤ አንዷ ጄኔቭ፣ አንዷ ዙሪክ ጥግ ሆነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ናኒ ወላጆቿ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ከአገር ሲወጡ በእቅፍ የመጣች ናት፤ እንግሊዝኛው አያስቸግራትም። ሒሳብ ላይ ስትደርስ ግን ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ ደግሞ ትገለብጣለች። ባለፈው ሴሚስተር ከኢንተርኔት የገለበጠችውን ፕሮግራም የራሷ አስመስላ ስታስረክብ ተይዛ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፤ ሁለተኛ ከተያዘች ስንብት ነው። የሕብስት ነገር ሌላ ነው። እሷ ኤፍ በሚባለው ጊዜያዊ ፈቃድ የምትኖር፣ ሽሊረን ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ፋብሪካ እርጥብ አንሶላ ለመተኮሻ ማሽን ስታጎርስ የምትውል ልጅ ናት። ኮርሱን የሚከፍልላት፣ ውጤቷን ከመምህርቷ የሚቀበል፣ ስደተኛ ተማሪዎችን የሚረዳ አንድ ማኅበር ነው። በደንብ ካለፈች በመስከረም ዲግሪውን ትጀምራለች፤ በስሟ ላይ «አጭበርብራለች» የሚል ቃል ከሰፈረ ግን ቦታው ከኋላዋ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ማንም አይቆጣትም፣ ማንም አያባርራትም፤ አንሶላ ስታጎርስ ዕድሜዋ ይሄዳል፣ በቃ።

ናኒን አስጠኚ ብሎ ያዘዛት ሰው የለም። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለች «አንድ ለአምስት» የሚሉት አደረጃጀት ነበር፤ ጎበዙ ተማሪ «አንድ» ይሆንና አምስት ልጆች ይሰጡታል፤ ከአምስቱ አንዱ ከወደቀ የሚጠየቀው እሱ ነው። ብዙው ተማሪ ስብሰባው አንገሽግሾት፣ ሪፖርቱ ሰልችቶት ሲያማርር፣ ሕብስት ግን ወዳው ነበር። «አንድ» ነበረች፤ አምስቱም አልፈውላታል፤ እስከ ዛሬ አፏን ሞልታ የምትኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ለናኒ በአማርኛ ታስረዳታለች፤ ናኒም በስክሪኑ ማዶ የፀጉሯን ጫፍ እየጎተተች ትጽፋለች። አደራ ተቀብላ የምትሠራ እንጂ ደንብ የምትጥስ አይመስላትም ነበር።

ያስያዛቸው ስድስተኛው ጥያቄ ነው። በአንድ ግብዣ ላይ እንግዶች ይጨባበጣሉ፤ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ያህል ጊዜ፣ ማለት አንዴ ወይም ሦስቴ ወይም አምስቴ የጨበጡት ሰዎች ተሰብስበው ቢቆጠሩ ብዛታቸው ምንጊዜም ተጋማሽ ቁጥር እንደሚሆን አረጋግጡ ይላል። ናኒ ጥያቄውን ስታነብ ፊቷ ዳመነ። ሕብስት ግብዣውን ሰርግ አደረገችላት፣ መጨባበጡን በትከሻ ሰላምታ ለወጠችላት፤ ሰው ሁሉ ሰላም ተባብሎ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ዘግይቶ የመጣ የሙሽራው አጎት በበሩ አስገባችላት። «ይሄ አጎት አንድ ሰው ሰላም ባለ ቁጥር ለእሱም አንድ ይጨመርለታል፣ ሰላም ለተባለውም አንድ ይጨመርለታል። ሰላምታ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም፤ ሁለቱም ጋ ይቆጠራል። ስለዚህ የሁሉም ድምር ለሁለት ይካፈላል። ኢ-ተጋማሽ የያዙት ሰዎች አንድ እንኳ ያለ ጥንድ ቢቀር ግን ድምሩ እምቢ ይላል» አለቻት። ናኒ «ኦ!» አለች። ከዚያም ቃል በቃል ጻፈችው፤ ሰርጉንም፣ ትከሻውንም፣ አጎትየውንም። ሕብስትም የራሷን እንደዚያው ጽፋ ላከች።

በሳምንቱ መምህርቷ ዶክተር ቨርኔ ለሁለቱም አጭር መልእክት ጻፈችላቸው። «በሁለታችሁም መልስ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ አጎት አለ። ከማን ጋር ነው የሠራችሁት?» ሕብስት አንድም ሳትጠራጠር «ከማንም ጋር አልሠራሁም» ብላ መለሰች። ከልቧ ነው። ከማንም ምንም አልወሰደችማ። መስጠቷ ይጠየቃል ብላ አላሰበችም። ናኒ ምን ብላ እንደመለሰች አልነገረቻትም። ቀጥሎ የመጣው መልእክት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ተራ በተራ በቪዲዮ እንዲቀርቡ የሚያዝ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ትርፍነሽ ደውላ «እኛ ዘንድ ነይ፣ የኛ ኢንተርኔት ይሻላል፤ ናኒም አንቺ ካለሽ ትበረታለች» ያለቻት።

«ውይ ሕብስትዬ! መቼ ገባሽ?»

«አሁን ነው፣ እትዬ።»

ትርፍነሽ እጇ ዘይት ስለነካው ክንዷን ሰጠቻት። ዳቦውን ተቀብላ «ምነው ተቸገርሽ» አለችና ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀመጠችው። ኩሽናው ከግድግዳው የሚታጠፍ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ የሚይዝ ነው፤ በመስኮቱ የሳሌቭ ተራራ ይታያል፤ ዛሬ ግን ከወገቡ በላይ ጉም ውጦታል። እንቁላሉን አቅርባላት ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ብዪ እንጂ። ሥጋ እዚህ የሚገዛ ሰው ጤነኛ አይመስለኝም፤ ትናንት ድንበሩን ተሻግሬ ፈረንሳይ ገባሁና በግማሽ ዋጋ አመጣሁ። እናንተ ዙሪኮች የት ትሻገራላችሁ?» ሕብስት ጀርመን የሚሄዱ እንዳሉ፣ እሷ ግን ሥጋ ብዙም እንደማትገዛ ነገረቻት። «ከስተሻል» አለች ትርፍነሽ። «ሥራው ነው» አለች ሕብስት። ከዚያ የሚጮኸው ጭስ መሳቢያው ብቻ ሆነ። ሕብስት እንቁላሉን ቀስ እያለች በላች። የሚመጣውን እያወቁ እስኪመጣ መጠበቅ እንዲህ እንደሚያደክም አታውቅም ነበር።

ትርፍነሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን ሕብስት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የመጀመሪያው ክረምት ላይ፣ ሕብስት ጥገኝነት ጠያቂዎች ማቆያ ውስጥ በቀጭን ሹራብ ስትንቀጠቀጥ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ተጉዛ የራሷን ካፖርት አውልቃ ያለበሰቻት እሷ ናት። የሕብስት እናት የሞተች ለትም ሶፋው ላይ አጠገቧ ቁጭ ብላ ያደረችው እሷ ናት። ትርፍነሽ ይህን አላነሳችም፤ ባለማንሳቷ ነው ይበልጥ የከበደው። ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው ሰፈር ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ካፌ ውስጥ ትሠራለች፤ አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉትን ወጣቶች ባየች ቁጥር ናኒን ከእነሱ መሐል ታስቀምጣታለች። በትንሿ ጉባኤያቸውም ተነስታ ስለ ልጇ ምስክርነት ሰጥታለች፤ ወንድሞችና እህቶች በእልልታ ጌታን አመስግነውላታል። አሁን ያንን እልልታ እንዴት አድርጋ ትመልሰው?

«ስሚኝ ልጄ» አለች በመጨረሻ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ እያሻሸች። «አንቺ እስከ ዛሬ አንድም ነገር የለብሽም። ዶክተሯ ትቆጣሻለች፣ ዜሮ ትሰጥሻለች፣ አበቃ። በሚመጣው ዓመት ትደግሚዋለሽ። ናኒ ግን ዛሬ ከተያዘች ተባረረች። ከናኒ ነው የገለበጥኩት በያት።»

«እትዬ፣ የሚከፍልልኝ ማኅበር እኮ…»

«ጌታ ሌላ በር ይከፍትልሻል። አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ ስንቱን አልፈሽ የመጣሽ ልጅ። የኔዋ አልተፈተነችም፤ ትሰበርብኛለች።»

«ናኒ ታውቃለች?»

«አታውቅም። እንዳትነግሪያት፣ አደራ።»

ሕብስት ሳህኑን አየች። ጠንካራ ነሽ የሚሏት ሰዎች ሁሉ ቀጥለው የሆነ ነገር ሊያሸክሟት መሆኑን ከለመደች ቆይታለች። ብትናገር የምትለው ብዙ ነበር፤ ማኅበሩ ዓመት ቆጥሮ እንደማይጠብቃት፣ ከሥራ ተመልሳ ቀና ብላ የምትቀመጥበት ሰዓት ያ የሒሳብ ሰዓት ብቻ መሆኑን። የካፖርቱ ነገር አፏን ያዘው። «እሺ» አለች። ትርፍነሽ እጇን ጨብጣ ሳመቻት፤ ሳህኑንም አነሳችላት።

ናኒ ከክፍሏ ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። ሕብስትን ስታይ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። «ሕቡዬ፣ ፈራሁ» አለች፤ ቀጥላም በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አጉረመረመች። «ያ አጎት ለምን መጣ? ቤቱ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። ዮዳሄ አጎት፣ አስያዘን!» አጎትየውን ሁልጊዜ በሚያረፍድ የድሮ ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ስም ዮዳሄ ብላ የሰየመችው ራሷ ናት። ሳያስቡት ሁለቱም ሳቁ። ትርፍነሽም ከኩሽና ሳቃቸውን ሰምታ ፈገግ አለች፤ ምኑ እንዳሳቃቸው ግን አልጠየቀችም። ሰዓቱ ሲደርስ ናኒ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሳሎኑ ውስጥ አክስትና የእህት ልጅ ቀሩ። ትርፍነሽ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። ከበሩ ኋላ የናኒ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ፈጠን ብሎ፣ አንድ ቦታ ላይም ከፍ ብሎ። ሕብስት መታጠቢያ ቤት ገብታ መስተዋቱ ፊት የምትለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተለማመደች። አጭር ነው፤ ለመያዝ አይከብድም፤ ግን ባለችው ቁጥር ፊቷ የሌላ ሰው ይመስላታል። ስትወጣ ናኒ በሩን ከፍታ ቆማለች። እናቷ «እንዴት ሆነ?» ስትላት «አለቀ» ብቻ ብላ በረንዳ ወጣች።

ወንበሩ ላይ የናኒ ሙቀት ገና አለ። ክፍሉ ያልተነጠፈ አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ፎቶዎች፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የተገመሰ ብስኩት አለው። በስክሪኑ ላይ ዶክተር ቨርኔ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ድካም ያለባት ሴት። ከኋላዋ ማስጫ ላይ አንሶላ ተሰጥቷል፤ ጫፍና ጫፉ አለመገጣጠሙን ሕብስት ሳትወድ አስተዋለች።

«ሕብስት፣ ጥያቄ ስድስትን እንዴት እንደሠራሽው ንገሪኝ።»

«እኔ አልሠራሁትም። ከናኒ ነው የገለበጥኩት።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

«ይገርማል። ናኒ ገና አሁን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ከአንቺ እንደገለበጠች ነገረችኝ፤ ያውም ዛሬ ገና ሳልጠይቃት። አንቺ ከእሷ ገለበጥሽ፣ እሷ ከአንቺ ገለበጠች። ታዲያ ማን ጻፈው? አጎትየው?»

ሕብስት ለዚህ አልተለማመደችም ነበር። ውሸቱ እንደዚያ በአደባባይ ሲራቆት ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ዶክተር ቨርኔ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም፤ «እስቲ ጥሪያት» አለች። ናኒ ከበረንዳው ብርዱን ይዛ ገባችና ከወንበሩ ኋላ ቆመች። «ሕቡ፣ ምን አልሻት?» ብላ በአማርኛ ጠየቀች። ናኒ መልሱን ከሕብስት ፊት አነበበችው። «ለምን? እኔ እውነቱን ነገርኳት። ሁሉንም። አጎቱንም ገለጽኩላት፤ ወረቀት ሳላይ፣ ብቻዬን። ገባኝ እኮ!»

«ሕብስት» አለች ዶክተሯ፣ «ከማን ጋር ሠራሽ ብዬ ስጽፍልሽ ከማንም ብለሻል። ለምን?»

«ምንም ስላልወሰድኩ» አለች ሕብስት። እንግሊዝኛዋ ተሰባበረባት። «እኔ ሰጠሁ እንጂ አልወሰድኩም። መስጠት የሚጠየቅ አልመሰለኝም።»

«ሜ… ግን ሕቡ…» አለች ናኒ። ቃሉን ፍለጋ ትንሽ ቆየች፤ አማርኛዋ ሲያጥራት እንደምታደርገው በእጇም ጭምር ተናገረች። «አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ሰላምታ የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለሌላው። ሁለቱም ጋ ይቆጠራል።»

ሕብስት ዞር ብላ አየቻት። ይህችን ልጅ ስንት ጊዜ «ገባሽ?» ብላታለች፤ ስንት ጊዜ «አዎ» ተብላ ሳይገባት ቀርቷል። አሁን ገብቷታል። ገብቷት ብቻ አይደለም፣ ያስተማረቻትን ሕብስትን መልሳ አስተምራበታለች። አገር ቤት አምስቱ ያለፉ ለት የተሰማት ደስታ እንደገና መጣባት፤ ከሐፍረቱ ጋር ተደባልቆ ዓይኗን እንባ ሞላው። የገዛ ራሷን ማረጋገጫ ራሷ ላይ ሳትሞክረው ቀርታለች። ሰጥታለች፤ መስጠቷን ግን በራሷ በኩል አልቆጠረችውም።

«እኔ የምጽፈው አንድ ነገር ነው» አለች ዶክተር ቨርኔ። «ቅድም ያልሽውን ልጻፍ ወይስ ሌላ የምትይው አለ?»

በዚህ ጊዜ ነው ሕብስት በሩ ላይ ትርፍነሽን ያየቻት። ካፌ ውስጥ ከስንት አገር ሰው ጋር የምትውል ሴት እንግሊዝኛ አታጣም፤ ሁሉንም ሰምታለች። ዓይኗ ሕብስት ላይ ተተክሏል፤ የሚለምን ዓይን ነው። ሕብስት ካፖርቱ ትዝ አላት። ሶፋው ትዝ አላት። እርጥቡ አንሶላ፣ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ማዶ የሌለው መስከረምም ትዝ አላት። እሺ ማለት እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ሌላው ቃል ለምን እንደ ድንጋይ እንደሚከብድ ሊገባት አልቻለም። ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። ደገመችው። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ለናኒም ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ከማንም ጋር አልሠራሁም ማለቴ ልክ አልነበረም፤ ከእሷ ጋር ሠርቻለሁ። ገለበጥኩ ያልኩት ውሸት ነው።»

«ለምን ዋሸሽ?»

በሩ ላይ ትርፍነሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ናኒ እንዳትባረር ብዬ» አለች ሕብስት። የማንንም ስም አልጠራችም።

ዶክተር ቨርኔ መነጽሯን መልሳ አደረገችና ለጥቂት ጊዜ ጻፈች። አብሮ መሥራት እንደማይከለከል፣ መደበቁ እንደሚከለከል ነገረቻቸው። ጥያቄ ስድስት ለሁለቱም ዜሮ ነው። በሕብስት ስም ላይ ማጭበርበር የሚል እንደማይጻፍ፣ ከማኅበሩ ጋር ያላት ቦታም እንደማይነካ አስረግጣ ነገረቻት። የናኒን ጉዳይ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ስላለባት የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ማየቱ አይቀርም፤ እሷ ግን ልጅቷ ዛሬ ሳትጠየቅ ማን እንዳስተማራት መናገሯንና ጥያቄውን በቃሏ ማስረዳቷን ጽፋ ከጎኗ ትቆማለች። «ሁለቱም እውነቱን ተናግረዋል ብዬ ነው የምጽፈው» አለች ልትሰናበት ስትል፤ «አንዷ በጊዜ፣ አንዷ ዘግይታ።» ስክሪኑ ጠፋ።

ናኒ ቀና ስትል እናቷን በሩ ላይ አገኘቻት። አንዴ እናቷን፣ አንዴ ሕብስትን አየች። «ማማን፣ አንቺ ነሽ እንዲህ በይ ያልሻት?» ትርፍነሽ ወደ ኩሽና ሄደች። የውሃ ድምፅ ተሰማ፤ የታጠበ ሳህን ደግማ ታጥባለች። ናኒ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሕብስትን በክንዷ ሳብ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ እንደዚያ እንደተደጋገፉ ብዙ ቆዩ። ደጀኔ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ስልኩን ማንም አላነሳለትም። ዳቦውም ማቀዝቀዣው አናት ላይ እንዳለ ዋለ።

ሕብስት ጫማዋን ስታጠልቅ ትርፍነሽ ካፖርቷን ለብሳ መጣች። «ልሸኝሽ» አለች። ደረጃውን ወርደው መንገዱን ተሻገሩ። ድንበሩ ቅርብ ነውና ከፈረንሳይ በኩል ገዝተው የሚመለሱ ሰዎች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው አጠገባቸው ያልፋሉ። ትራም ማቆሚያው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ሕብስት ይቅርታ ለመጠየቅ አሰበችና ለምኑ እንደሆነ ስላልተገለጠላት ተወችው።

«በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼልሽ ነበር» አለች ትርፍነሽ ሐዲዱን እያየች። «ሰምተሽኛል።»

ሕብስት አልሰማሁም ልትል ትችል ነበር። ልማዷ እሱ ነው። «ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«ከጅምሩ?»

«ከጅምሩ።»

«ሰምተሽ ነው ገብተሽ እንቁላሌን የበላሽው።»

«አዎ።»

«ዶክተሯ ስትጠይቅሽም አልጠራሽኝም።»

ትራሙ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፤ ሁለቱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በሩ ተዘግቶ ትራሙ ሄደ። ትርፍነሽ በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች።

«ደጀኔ ሲደውል ምን ልበለው?»

ሕብስት ወደ እሷ ዞረች።

«እምቢ ማለት ተምራለች በሉት።»

ትርፍነሽ ሳቀች ይሁን አለቀሰች አይለይም። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ከኪሷ አውጥታ ወደ ራሷ ሳበቻት፤ ትከሻዋን ሰጠቻት፣ በግራ፣ በቀኝ፣ ደግሞ በግራ። ሕብስትም ትከሻዋን መለሰችላት። የሚቀጥለው ትራም እስኪመጣ ድረስ ትርፍነሽ አልለቀቀቻትም።